ለተማሪ መልስ መስጠትና ተማሪን ማስተማር

በቅኔ ቤት የቈየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው መምህሩ ለተማሪው ያለቀ ቅኔ አይሰጠውም። መንገዱን ያሳየዋል፤ ግሡንና አገባቡን ያስጠናዋል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል። የቈጠረውን ይዞ በመጣ ጊዜ መምህሩ ይሰማዋል፤ ቤቱ ቢጐድል መጕደሉን ይነግረዋል፤ ምሥጢሩ ቢፋለስ ያሳስበዋል፤ ተመልሶም እንዲያስብበት ያሰናብተዋል። መምህሩ በአንዲት ቃል ሊያቃናለት ሲችል ተማሪውን ይህን ያህል የሚያደክመው ርኅራኄ ስለ ጐደለው አይደለም። ተማሪው ራሱ ሲያወጣና ሲያወርድ ያገኘው ነገር በልቡናው እንደሚጸና፤ ሳይደክምበት የተቀበለው ግን ከደጁ ሳይርቅ እንደሚጠፋበት ስለሚያውቅ ነው።

ይህ የቈየ ልማድ ዛሬ አዲስ ጥያቄ ገጥሞታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው ጥበብ፤ ይኸውም በሰው ቋንቋ ተጠይቆ በሰው ቋንቋ የሚመልሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት፤ ኦፕን ኤአይ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በኖቬምበር 2022 ዓ.ም. መጨረሻ ቻትጂፒቲ ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ለሕዝብ ከከፈተ ወዲህ፤ ከተመራማሪዎች ቤት ወጥቶ ከተማሪው እጅ ገብቷል። (ከዚህ ቀጥሎ የሚነሡት የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በዚሁ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) የሒሳብ ጥያቄ ቢሰጡት ይሠራል፤ ድርሰት ጻፍ ቢሉት ይጽፋል፤ ያልገባውን ተማሪ ሳይሰለችና ሳይቈጣ አሥር ጊዜ ያስረዳል። ለትምህርት ታላቅ ረዳት ሊሆን እንደሚችል የሚክድ የለም። ዳሩ ግን የቅኔ መምህር የሚከለክለውን ያንኑ ያለቀ መልስ፤ ይህ መሣሪያ ለጠየቀው ሁሉ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ጥቅሙና ጉዳቱ በግምት ብቻ እንዳይነገር በቱርክ አገር በ2023 ዓ.ም. የተደረገውን ምርመራ መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው፤ በአንድ የቱርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩትን ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በየክፍላቸው በዕጣ ከሦስት ለዩአቸው። ትምህርቱ ሒሳብ ነበር። በየጊዜው መጀመሪያ መምህሩ ትምህርቱን በሰሌዳ ላይ ያስረዳል፤ ቀጥሎ ተማሪዎቹ ልምምድ ይሠራሉ፤ በመጨረሻ መጽሐፉም ኮምፒዩተሩም ተዘግቶ እያንዳንዱ ብቻውን ይፈተናል። ልዩነቱ በልምምዱ ሰዓት ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹ እንደ ልማዳቸው መጽሐፋቸውንና ደብተራቸውን ይዘው ሠሩ። ለሁለተኞቹ ጂፒቲ-4 የተባለው መሣሪያ የጠየቁትን ሁሉ እንዲመልስላቸው ሆኖ ተሰጣቸው። ለሦስተኞቹም ያው መሣሪያ ተሰጠ፤ ነገር ግን በመምህራን ምክር አስቀድሞ ገደብ ተበጅቶለት ነበር። መልሱን በቀጥታ እንዳይናገርና ተማሪው ከምን ላይ እንደ ተሳሳተ አይቶ ጥቂት ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ታዘዘ፤ የየጥያቄው እውነተኛ መልስና ተማሪዎች የሚያዘወትሩት ስሕተትም አስቀድሞ ተነገረው።

በልምምዱ ሰዓት የታየው ነገር ሁሉን ደስ የሚያሰኝ ነበር። መሣሪያውን ያለ ገደብ የያዙት ተማሪዎች መጽሐፍ ብቻ ከያዙት ይልቅ በመቶ 48 የበለጠ ውጤት አገኙ፤ ገደብ የተደረገበትን የያዙት ደግሞ በመቶ 127 በለጡ። አንድ ሹም በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤቱን ሊጐበኝ መጥቶ ቢሆን ኖሮ፤ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ለአገሩ ተማሪዎች ሁሉ እንዲገዛ ትእዛዝ በሰጠ ነበር። መሣሪያው ተዘግቶ ፈተናው በመጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያለ ገደብ ሲጠቀሙ የነበሩት መሣሪያውን ከቶ ካላዩት ተማሪዎች በመቶ 17 ያነሰ ውጤት አገኙ። ገደብ የተደረገበት መሣሪያ የነበራቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኑ፤ አልተጐዱም፤ ነገር ግን በልምምዱ ሰዓት የታየው ያ ሁሉ ብልጫ አብሮአቸው ወደ ፈተናው አልገባም።

ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹ ለመሣሪያው የጻፉለትን ቃል ሲመረምሩ፤ ያለ ገደብ ከተሰጣቸው ብዙዎቹ «መልሱ ምንድር ነው?» ብለው ብቻ የጠየቁ ሆነው ተገኙ። መሣሪያውም ያለ መምህራን እርዳታ ከሰጠው መልስ ትክክል የነበረው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ተማሪዎቹ ከፈተናው በኋላ በተጠየቁ ጊዜ፤ የተጐዱት ከሌሎቹ ያነሱ አልመሰላቸውም፤ ገደብ የተደረገበትን የያዙት ደግሞ ከሌሎቹ እጅግ የበለጡ መሰላቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መታመሙን ያላወቀውስ ማን ዘንድ ይሄዳል? ጥናቱ በ2025 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ታትሞ ወጥቷል።

ይህ መሣሪያ መልሱን ከወዴት እንደሚያመጣው ማወቅ ለመምህርም ለሹምም ያስፈልጋል። አሠሪዎቹ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ከየቦታው ሰብስበው ያስነብቡታል፤ እርሱም ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የትኛው ቃል የትኛውን ቃል እንደሚከተል ይለምዳል። ሲጠየቅም በዚያ ልማድ ቃል በቃል ላይ እየቀጠለ ይመልሳል። ስለዚህ አነጋገሩ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ያማረ ሁሉ ግን እውነት አይደለም። የሌለ መጽሐፍ ስም፤ ያልተጻፈ ምዕራፍና ቍጥር እንኳ ሳይፈራ ይጠቅሳል። የመጻሕፍት መምህር አንድ ትርጓሜ ሲያስተምር ከማን እንደ ተቀበለው፤ መምህሩም ከማን እንደ ተቀበለው ሊናገር ይችላል። መሣሪያው ግን «ይህን ከወዴት አገኘኸው?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ እንደ መጀመሪያው መልስ ሁሉ የተገመተ ነው። ዐዋቂ ሰው ይህን አይቶ ሊለየው ይችላል። ትምህርቱን ገና የጀመረ ልጅ ግን እውነቱን ከግምቱ የሚለይበት ዕውቀት የለውም፤ ያንን ዕውቀት ለማግኘት ነው ወደ ትምህርት ቤት የመጣው።

መምህርን በመሣሪያ የመተካት ምኞት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን በ1913 ዓ.ም. ሲኒማ በቅርብ ጊዜ በትምህርት ቤት የመጽሐፍን ቦታ እንደሚወስድ ተናግሮ ነበር፤ መጽሐፍ ግን ዛሬም በቦታው አለ። በ1950ዎቹ ዓመታት የሀርቫርዱ ሊቅ ስኪነር ተማሪ ብቻውን የሚማርበት የማስተማሪያ መኪና ሠርቶ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እነዚህ የሩቅ አገር ነገሮች ናቸው። በኢትዮጵያ ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ በአገራችን አቈጣጠር በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን ፕላዝማ የማያስታውስ የትምህርት ሠራተኛ የለም።

ፕላዝማው ጥቅም አልነበረውም ማለት ከእውነት መራቅ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ገጠር ያለ ተማሪ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሙከራ በዓይኑ አይቷል፤ የከተማውና የገጠሩ ልጅም አንድ ዓይነት ትምህርት ሰምቷል። ነገር ግን ከሳተላይት የሚወርደው ትምህርት ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ሳያቋርጥ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለማሰብ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፤ ተማሪው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ይናገራል። ብዙ ዓመት ያስተማረው መምህር ከግድግዳ ተጠግቶ ቆሞ የመክፈቻና የመዝጊያ ሠራተኛ ሆነ። መልሱ በየዕለቱ በክፍሉ ውስጥ ነበረ፤ የጐደለው ተማሪው ስሕተቱን የሚያይበት ጊዜና «ቈይ፤ እዚህ ላይ ምን አሰብህ?» የሚለው ሰው ነበር። አዲሱ መሣሪያ ከፕላዝማ የሚለየው ሊያስቆሙትና ሊጠይቁት መቻሉ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሆኖም ተማሪው የሚጠይቀው መልሱን ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ቱርክ ላይ ታይቷል።

እንግዲህ መሣሪያው ከማን ጋር ቢቀመጥ ይሻላል? ለዚህ ጥያቄ መልካም ፍንጭ የሰጠው በ2024 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ሌላ ምርመራ ነው። እነዚህ መሣሪያውን ለተማሪው አልሰጡትም፤ ለሚያስጠናው ሰው ሰጡት። 900 አስጠኚዎችና 1,800 ተማሪዎች በገቡበት በዚህ ሥራ፤ አስጠኚው ተማሪው ሲሳሳት አይቶ መሣሪያውን ምክር ይጠይቃል፤ መሣሪያውም ተማሪው ራሱ እንዲያገኘው የሚያደርግ ጥያቄ ወይም ፍንጭ ያቀርብለታል፤ አስጠኚው መርጦና አርሞ በገዛ ቃሉ ይናገራል። በዚህ ዓይነት የተጠኑት ተማሪዎች ትምህርታቸውን የያዙት ከሌሎቹ ከመቶ በ4 ነጥብ በልጠው ነው፤ በችሎታቸው ዝቅ ያለ ግምት በተሰጣቸው አስጠኚዎች ሥር የነበሩት ደግሞ በ9 ነጥብ በልጠዋል። ወጪውም ለአንድ አስጠኚ በዓመት 20 ዶላር ያህል ነበር። የንግግራቸው መዝገብ በተመረመረ ጊዜ መሣሪያውን የያዙት አስጠኚዎች አብዝተው የሚጠይቁ፤ መልሱን ግን ቶሎ የማይሰጡ ሆነው ተገኙ። ያው አንዱ ጥበብ በቱርክ ልጆችን መልስ ለማኝ ሲያደርግ፤ በዚህ ደግሞ ጀማሪውን አስጠኚ እንደ ነባር መምህር መልሱን እንዲታገሥ አስተማረው። በቅኔ ቤት አስነጋሪ የሚባለው ከፍ ያለ ተማሪ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ የታናናሾቹን ቅኔ ሲሰማ የሚማረው ይህንኑ ትዕግሥት ነው።

ከአፍሪካም ምሳሌ አለ። በናይጄሪያ በኤዶ ክፍለ ሀገር በቤኒን ከተማ በ2024 ዓ.ም. በጁንና በጁላይ ወራት የዓለም ባንክ ባገዘው ሥራ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመደበኛ ትምህርት በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል በዚህ መሣሪያ እንግሊዝኛ ተማሩ። መምህራኑ ከክፍሉ አልወጡም፤ ርእሱን ይሰጡ፤ ተማሪው መሣሪያውን እንዴት እንደሚጠይቅ ያሳዩ፤ በመጨረሻም የተማሩትን ያነጋግሩአቸው ነበር። የገቡት ካልገቡት የተሻለ ውጤት አገኙ፤ ብዙ ቀን የተገኙትም ይበልጥ ተጠቀሙ። እርግጥ ነው፤ ያልገቡት ተማሪዎች ተጨማሪ ሰዓት ስላልተማሩ፤ ከጥቅሙ የመሣሪያው ድርሻ ይህን ያህል ነው፤ የትጋቱና የመምህሩ ድርሻ ደግሞ ይህን ያህል ነው ብሎ መለየት አይቻልም። ቢሆንም መሣሪያውና መምህሩ በአንድ ቤት ተስማምተው ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳይቷል።

እነዚህ ምርመራዎች የተደረጉት በላቲን ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች ነው። በአማርኛ ወይም በግዕዝ ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመራል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ የተመዘገበው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒዩተር የጻፈውን ሌላው ለማንበብ ይቸገር ነበር። ስለዚህና በሌሎችም ምክንያቶች በአማርኛ ተጽፎ ለእነዚህ መሣሪያዎች የተነበበው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በተለመደውም አጻጻፍ አንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። መሣሪያው ቃሉን የሚያነበው ቈራርጦ ስለ ሆነና፤ ኩባንያዎቹ ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚቈጥሩት በቍራጩ ልክ ስለ ሆነ፤ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአማርኛ ሲጠየቅ ዋጋው ይበዛል፤ መልሱ ግን ያንሳል።

ፊደሉ ራሱ የማይገልጸውም ነገር አለ። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። በግዕዝ ንባብ ደግሞ ተነሹን ከወዳቂው፤ ሰያፉን ከተጣዩ የሚለየው የንባብ መምህሩ ጆሮና በትር ነው እንጂ ከወረቀቱ ላይ የተጻፈ ምልክት የለም። ከጽሑፍ ብቻ የተማረ መሣሪያ ይህን ከወዴት ያገኘዋል? ሊቃውንቱ ድምፃቸውን አስቀርጸው፤ ንባቡንና ትርጓሜውን በሥርዓት አስመዝግበው ካልሰጡት በቀር፤ ስሕተቱን በሚያምር ድምፅ ለልጆች ሲያስተምር ይኖራል። ይህ ሥራ ከውጭ አገር ኩባንያ የሚጠበቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተቋቋመው የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በአገር ቋንቋዎች ላይ ይሠራል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በዚሁ ጥበብ ላይ ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቋል። ወንበር ዘርግተው የሚያስተምሩት ሊቃውንት ያልተጠሩበት የቋንቋ ሥራ ግን የጐደለ ነው።

የመንግሥት ሹማምንት ለትምህርት ቤት እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዲገዛ ሲጠየቁ፤ ሻጩ የሚያሳያቸው የልምምዱን ሰዓት ውጤት ነው። መጠየቅ የሚገባቸው መሣሪያው ተዘግቶ ተማሪው ብቻውን ሲፈተን የሚገኘውን ውጤት ነው። ተማሪው ሳይሞክር መልሱን የሚሰጥ ነው ወይስ የሚከለክል? ገደቡን የሚያበጀው መምህሩ ነው ወይስ ኩባንያው? ሕፃኑ የጻፈው ቃል ሁሉ በየትኛው አገር ይከማቻል፤ ማንስ ያነበዋል? የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በሴፕቴምበር 2023 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በክፍል ውስጥ ብቻቸውን ከመሣሪያው ጋር እንዳይነጋገሩ መክሯል። የኢስቶንያ መንግሥት ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 ዓ.ም. ሥራውን በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲጀምር፤ አስቀድሞ ያሠለጠነው መምህራኑን ነው። ያ አገር ትንሽና ሀብታም ነው፤ ሁሉም ትምህርት ቤት መብራትና ኢንተርኔት አለው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

መብራት ባልደረሰበት ቦታ የሚያስተምር መምህርም ቢሆን ከዚህ ነገር ፈጽሞ የተለየ አይደለም። ስድሳና ሰባ ልጆች በአንድ ክፍል ይዞ የሚውል፤ ከከተማ ሲደርስ ስልኩን ኃይል ሞልቶ የሚመለስ መምህር፤ ለተማሪዎቹ ስልክ ማደል ሳያስፈልገው በዚያው በአንዱ ስልክ ብዙ ሊሠራ ይችላል። የነገው ትምህርት ክፍልፋይ መደመር ከሆነ፤ ልጆች በዚህ ላይ ምን ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚያበዙ ይጠይቀዋል፤ ለየስሕተቱም ሦስት ሦስት ጥያቄ እንዲያወጣለት ያዘዋል። ከዚያ እያንዳንዱን በገዛ እጁ ሠርቶ ይመረምራል፤ የተሳሳተውን ይሰርዛል፤ የፈረንጅ አገር ነገር የተጠቀሰበትን ለልጆቹ በሚያውቁት በእንጀራና በማሳ ይለውጠዋል። ስልኩን ዘግቶ ጥያቄዎቹን በወረቀት ይገለብጣል፤ በማግሥቱም ጠዋት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋቸዋል፤ መልሳቸውን ግን አይጽፍም።